ርካሹ ሱቅ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፦ የቱርኩ «ቢም» በሞሮኮና በግብፅ



በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ፣ ለረጅም ዘመን ለአገር ልጅ ተከልሎ የኖረው የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በዶርምም ሆነ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዱ በረንዳ ላይ አንድ ክርክር እየተደጋገመ ይነሣል። ግማሾቻችን «ይግቡ! ዘይትና ሳሙና ይርከስ፤ ነጋዴውም እንዳሻው ዋጋ መቆለሉን ይተው» እንላለን። የቀረነው ደግሞ «ያባቶቻችን ሱቅ ምን ሊሆን ነው?» እንላለን። ይህ ሁለተኛው ባዶ ስጋት አይደለም። ከመካከላችን ከሱቅ በወጣ ገንዘብ ከአንደኛ ክፍል እዚህ የደረሱ፣ ዛሬም የወር ወጪያቸው ከዚያው መሳቢያ የሚላክላቸው ብዙ ናቸው።

ሁለቱም ወገኖች ግን ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር አለ፤ የውጩ ርካሽ ሱቅ ከገባ ማሸነፉ አይቀርም ብለው ያስባሉ። እኛ ይህንን ነው መመርመር የፈለግነው። ለዚህም ወደ ጀርመን ወይም ወደ አሜሪካ መሄድ አላስፈለገንም። የእኛን በሚመስሉ ሁለት አገሮች ውስጥ የተሞከረ አንድ ታሪክ አለ።

ቱርካዊው «ቢም» እ.ኤ.አ. በ1995 በኢስታንቡል በ21 ሱቆች ሥራ ጀመረ። ዛሬ በቱርክ ብቻ ከ10,000 በላይ ሱቆች አሉት። አልኮል አይሸጥም። በ2009 ወደ ሞሮኮ፣ በ2013 ወደ ግብፅ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሮቹን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።) በሁለቱም አገሮች በየመንደሩ ትንንሽ ሱቅ ሞልቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ገቢውን ከዕለት ዕለት እያብቃቃ ይኖራል። በሞሮኮ ቢም ከ500 በላይ ሱቆች ከፍቷል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት፣ የሞሮኮን ሦስት እጥፍ ያህል በምትሆነው ግብፅ ግን ቁጥሩ ከ300 ብዙም አልራቀም ነበር። አሠራሩ አንድ፣ ባለቤቱ አንድ፣ ሃይማኖቱም አንድ ሆኖ ውጤቱ ለምን ተለያየ?

ርካሽነት ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ይህ እንዲገባን ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን «ትልቅ ካፒታል ስላለው አክስሮ ይሸጣል» ብለን እናስባለን። እንዲህ የሚያደርግ አይጠፋም፤ የቅናሽ ሱቅ ግን በመክሰር አሥር ሺህ ቅርንጫፍ አይከፍትም።

ሐሳቡ የቱርኮች አይደለም። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ካርልና ቴዎ አልብሬክት ከእናታቸው ትንሽ ሱቅ ተነሥተው «አልዲ»ን ያሳደጉበት ዘዴ ነው። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓይነት ዕቃ ይደረድራል። ቢም የሚይዘው ጥቂት መቶ ዓይነት ብቻ ነው። ስኳር አለ፤ አምስት ዓይነት ስኳር ግን የለም። ዕቃው ከፋብሪካ በመጣበት ካርቶን እንዳለ ይቀመጣል፤ የካርቶኑ ፊት ይቀደዳል፣ በቃ። ሒሳብ የሚቀበለው ሠራተኛ ራሱ መኪና ያራግፋል፣ ወለል ይጠርጋል። ሱቁ ጠበብ ያለ ነው። ከሽያጩ ከግማሽ የሚበልጠው የራሱን ስያሜ የያዘ ዕቃ ነው፤ ወተትና እርጎው ለምሳሌ «ዶስት» ይባላል፣ ወዳጅ ማለት ነው። ፋብሪካው ይህንን ሲያመርት ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ምንም ስለማያወጣ ገዢውም ያንን ወጪ አይከፍልም።

ትርፉስ? እዚህ ላይ እኛ የምህንድስና ተማሪዎች የምንወደው ሒሳብ ይመጣል። ቁጥሩን ለማስረዳት ያህል ራሳችን ያወጣነው ነው። አንድ የሰፈር ሱቅ በ100 ብር ዕቃ ላይ 12 ብር ቢያተርፍና ዕቃው በወር አንዴ ቢያልቅ፣ ያቺ 100 ብር በወሩ 12 ብር አመጣች። የቅናሽ ሱቁ በዚያው 100 ብር ላይ 4 ብር ብቻ ቢያተርፍ፣ ግን ዕቃው በየ6 ቀኑ ቢያልቅ፣ ገንዘቡ በወር 5 ጊዜ ዞረ፤ 20 ብር አመጣ። ኪራይና ደመወዝ ገና አልተነሣለትም፤ ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው። ርካሽ የሸጠው የበለጠ አገኘ። ምሥጢሩ ፍጥነት ነው። ውሃ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያልፍ አስቡት፤ ጠባብም ቢሆን ቶሎ ቶሎ የሚፈስ ቧንቧ፣ ሰፊ ሆኖ ከሚያንጠባጥበው ይልቅ ጋኑን ቀድሞ ይሞላል።

ሌላም አለ። ዕቃው በ6 ቀን ተሸጦ ያልቃል፤ ፋብሪካው የሚከፈለው ግን በውሉ መሠረት ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። በመካከሉ ያለው ገንዘብ በሱቁ እጅ ነው፤ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍትበት ይችላል። በብድር መግዛት በሸሪዓ ችግር የለበትም፤ ጊዜው በስምምነት ከተቆረጠ ማለት ነው። ቀኑ ደርሶ መክፈል እየቻሉ ማጓተት ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በደል ብለው የጠሩት ነገር ነው። አንድ ትንሽ ፋብሪካ ምርቱን በሙሉ ለአንድ ግዙፍ ሱቅ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፣ ቢጓተትበትም አቤት ለማለት ይፈራል። በርካሽ የሸመትነው ነገር ወጪ ማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው እዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚገዛ ሰፈር ሲኖርና በተቆረጠለት ቀን ሳያቋርጥ የሚያቀርብ ፋብሪካ በቅርብ ሲገኝ። ሱቁ ራሱ ከሁሉ የሚቀለው ክፍል ነው።

የሞሮኮው ባለሱቅ ደብተር

ሞሮኮዎች የሰፈር ሱቅን «ሐኑት» ይሉታል። ባለቤቱ ጎረቤቱን በስም ያውቃል፣ ትንሽ ትንሹን መዝኖ ይሸጣል፣ ሌሊት ሲንኳኳበት ይከፍታል፤ ከሁሉ በላይ ዱቤ ይሰጣል። ዱቤው የሚመዘገብባት ደብተር እንደ እኛው ሰፈር ከባንኮኒው ሥር ናት። ቢም ይህን ማድረግ አይችልም። ገንዘቡ በ6 ቀን መዞር ስላለበት ደብተር መያዝ አይሆንለትም። ስለዚህ ደመወዝ በገባ ሰሞን ቢም፣ ወሩ ሲጋመስ ሐኑት የሚሄድ ቤተሰብ ብዙ ነው ቢባል አይደንቅም። ከእኛም ከተማ ውስጥ ጅምላ መሸመት የለመደ ሰው የሰፈሩን ባለሱቅ ጨርሶ አይተወውም።

ነገሩ የጦዘው በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። የዚያን ጊዜው የሞሮኮ የኢንዱስትሪና ንግድ ሚኒስትር ሙላይ ሐፊድ ኤልዓለሚ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ቢም በገባበት ሰፈር 60 ሱቆች ይዘጋሉ አሉ። ከሚሸጠው ቢያንስ ግማሹ የሞሮኮ ምርት ካልሆነ እንደሚያዘጉትም ለኩባንያው ኃላፊዎች መንገራቸውን ገለጹ። 60 የሚለው ቁጥር የእሳቸው ነው፤ እኛ ትንሽ ይከብደናል። በ500 ብናባዛው 30,000 ሱቅ ይሆናል፤ ሐኑት ግን ዛሬም በየጥጉ አለ። ሆኖም ንዴታቸው ከየት እንደመጣ ይገባናል። ሞሮኮና ቱርክ በ2004 የፈረሙት፣ በ2006 ሥራ ላይ የዋለ የነፃ ንግድ ስምምነት ነበራቸው፤ ሞሮኮም በዚያ ንግድ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ነበረባት። ቢም በሚኒስትሩ ዓይን የዚያ ጉድለት በር ሆኖ ታየ።

ይህንን ስናነብ በቂርአት ጊዜ የሰማነው አንድ ታሪክ ትዝ አለን። ሐቲብ ኢብን አቢ በልተዓ (ረ.ዐ.) በመዲና ገበያ ዘቢብ ከሌሎች በወረደ ዋጋ ሲሸጡ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ደረሱባቸው። ወይ ዋጋውን ከፍ አድርግ፣ አለዚያ ከገበያችን አንሣ አሏቸው። ይህ በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ ያለ ዘገባ ነው፤ ሞሮኮም የማሊኪ አገር ናት! ኢማም ሻፊዒ በሚያስተላልፉት ዘገባ ግን ታሪኩ ይቀጥላል። ዑመር የሰጉት ከጧኢፍ ዘቢብ ጭኖ በመምጣት ላይ ለነበረ ቅፍለት ነበር፤ ነጋዴዎቹ የሐቲብን ዋጋ ይዘው ይጎዳሉ ብለው ነው። ከዚያ ግን ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው ሐቲብን ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ ያልኩህ ትእዛዝም ፍርድም አልነበረም፣ ለአገሩ ሰው በጎ አስቤ ነው፣ በፈለግክበት ሽጥ አሏቸው። ዑለማዎች በዚህ ላይ ብዙ ተነጋግረዋል፤ ፈትዋውን ለእነሱ እንተዋለን። እኛን የገረመን ግን የዑመር ዓይን ያረፈበት ቦታ ነው። ያዩት በገበያው ውስጥ ያለውን ጎረቤት ሻጭ ብቻ አልነበረም። ዘቢቡን የሚያመጣውን፣ ገና መንገድ ላይ ያለውን ሰው ነበር።

የሞሮኮም ነገር መጨረሻው ያው ሆነ። ሱቆቹ አልተዘጉም። በዚያው ዓመት ስምምነቱ ተሻሽሎ ሞሮኮ ከ1,000 በላይ በሆኑ የቱርክ ዕቃዎች ላይ ለ5 ዓመት የሚቆይ ቀረጥ ጣለች። ቢምም ቅርንጫፍ መክፈቱን ቀጠለ። ይህ እንዴት ሆነ? የቱርክን ዕቃ ብቻ የሚያራግፍ ሱቅ ቢሆን ኖሮ ቀረጡ ባጠፋው ነበር። ሞሮኮ ግን ወተት የሚያሽግ፣ ዘይት የሚያጣራ፣ ቆርቆሮ ዓሣ የሚያዘጋጅ ኢንዱስትሪ ያላት አገር ናት። መደርደሪያው ከአገር ውስጥ መሞላት ይችላል።

የግብፅ መንገድ ለምን ከበደ?

ግብፅም ፋብሪካ አላት፤ እንዲያውም ብዙ። የከበዳት ሌላ ነበር። በኅዳር 2016 መንግሥት ፓውንዱን ለገበያ ለቀቀው፤ ዋጋውም ወደ ግማሽ ወረደ። ከዚያም በ2022ና በተከታዮቹ ዓመታት ደጋግሞ ወደቀ። ከውጭ ለመጣ ኩባንያ ይህ ሁለት ጊዜ ይመታል። አንደኛ፣ የዕቃው ዋጋ ይንራል፤ 4 በመቶ የሚያተርፍ ሱቅ ደግሞ ዋጋው በአንድ ሌሊት ሲንር የሚቋቋምበት ትራስ የለውም። ሁለተኛ፣ በፓውንድ ያገኘው ትርፍ ወደ ሊራ ወይም ወደ ዶላር ሲመነዘር ይሟሟል። የውጭው አለቃ በኢስታንቡል ቢሮው ቁጥሩን ሲያይ አዲስ ቅርንጫፍ ለመክፈት እጁ ያጥርበታል።

የአገሩ ልጅ ግን የሚቆጥረው በፓውንድ ነው። «ካዝዮን» የተባለ የግብፅ ሰንሰለት ያንኑ ዘዴ፣ ጥቂት ዓይነት ዕቃ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ጠባብ ሱቅ፣ እንዳለ ወስዶ ከቢም በኋላ ተነሣና በሱቅ ብዛት በለጠው። አልፎም ወደ ሞሮኮ ገባ! በቱርክ ራሷም ቢም ብቻውን አልቀረም፤ «ኤ101» እና «ሾክ» በዚያው ዘዴ በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ከፍተዋል። ዘዴው ፓተንት የለውም። ማንም አይቶ ሊቀዳው ይችላል።

በነገራችን ላይ ከአልዲ ዘዴ ውጭ የሄዱትም አሉ። የደቡብ አፍሪካው «ሾፕራይት» በትልልቅ የገበያ ማዕከሎች ውስጥ ሰፋፊ ሱቅ ይዞ በ2018 ኬንያ ገባ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ናይጄሪያ ውስጥም ከ15 ዓመት ቆይታ በኋላ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ሸጦ ሄደ። ስሙ ርካሽ ቢሆንም፣ መኪና የሌለው ደንበኛ ለሩብ ኪሎ ስኳር ታክሲ ተሳፍሮ አይመጣም።

«ይግቡ» ለሚሉ ወገኖቻችንም አንድ ነገር ማስታወስ አለብን። በጥቅምት 2021 የቱርክ የውድድር ባለሥልጣን ቢምን ጨምሮ በአምስት ትልልቅ የሱቅ ሰንሰለቶች ላይ፣ ዋጋ ተመካክረው ከፍ አድርገዋል በሚል በድምሩ ወደ 2.7 ቢሊዮን ሊራ ቅጣት ጣለ፤ የቢም ድርሻ ብቻ ወደ 958 ሚሊዮን ሊራ ነበር። በየሰፈሩ ባለሱቅ ሲበዛ ተመካክሮ ዋጋ መቆለል ያስቸግራል። አምስት ሲቀሩ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይበቃሉ። ርካሽ ሱቅ የሚረክሰው ሌላ ሱቅ አጠገቡ እስካለ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

የመጤነት ነገር ብቻውን አያሳስበንም። ዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ.) ሀብታቸውን እኩል ሊያካፍሏቸው አቅርበው ነበር። እሳቸው ግን ገበያውን አሳዩኝ ብለው በደረቀ አይብና በቅቤ ንግድ ጀመሩ። እንግዳ ነበሩ፤ ገበያውም ተቀበላቸው። ልብ በሉ፣ የነገዱት ግን እዚያው የሚገኘውን ነው።

እኛ አገር የሚመጣ የቅናሽ ሱቅ በምን ይሞላል? ይህ ነው ጥያቄያችን። የምግብ ዘይታችን አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ፓስታ፣ ብስኩትና ሳሙና የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን በጥሬ ዕቃ፣ በመለዋወጫና በመብራት እጥረት ከአቅማቸው በታች ይሠራሉ። ማክሰኞ 2,000 ካርቶን አምጣ ለተባለ ፋብሪካ ሰኞ ማታ መብራት ቢጠፋ፣ የ6 ቀኑ ዑደት ያኔውኑ ተበጠሰ። መንገዱም አለ፤ ኬላው፣ የጸጥታው ሁኔታ፣ የነዳጁ ወረፋ። ብሩም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር አልፏል። ግብፅን ያየ ሰው ይህንን ያውቀዋል።

ስለዚህ ፍርዳችንን እንናገር። የውጭ የቅናሽ ሱቅ በእኛ አገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቅርንጫፎች ከመክፈት ያለፈ ነገር የሚያደርግ አይመስለንም። ዕቃውን ከውጭ እየጫነ ልቀጥል ካለ የምንዛሪው ነገር ይጎትተዋል። ከአገር ውስጥ ልግዛ ካለ ደግሞ ፋብሪካዎቹን አብሮ ማቆም ይኖርበታል፤ ያ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ያንን ትዕግሥት ይዞ የመጣ ካለ ግን ይሳካለታል ብለን እናምናለን፤ እንደ ሞሮኮውም ይሰፋል። ያኔ የሚጎዳው ባለሱቅ ዱቤ የሚሰጠው፣ በሩብ ኪሎ የሚመዝነው አይሆንም። የታሸገ ዕቃ ብቻ ደርድሮ፣ ዱቤ የለም የሚል ወረቀት የለጠፈው ነው መጀመሪያ የሚመታው። ለዚህኛው ባለሱቅ ቢም ወይም እሱን የመሰለ ሁሉ በሁሉም ነገር ይበልጠዋል።

ካዝዮን የቀዳውን መቅዳት ደግሞ ለእኛም ክፍት ነው። ሃያ ባለሱቆች አንድ ላይ ሆነው ከአንድ ሳሙና ፋብሪካ በየሳምንቱ ቢገዙ ምን ያህል ይረክስላቸዋል? በካፒታል ወለድ ሳይገቡ፣ በሙሻረካ ቢሆን እንዴት ይሠራል? የሸማች ማኅበራትና የእሁድ ገበያ ከአምራች በቀጥታ ማምጣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በየቀኑና በየሰፈሩ ግን አልሆነም። ይህንን በግምት መመለስ አልፈለግንም።

ስለሆነም ቤተሰባችሁ ሱቅ ያለው እህትና ወንድሞች፣ ከሚቀጥለው የሐሙስ ደርስ በፊት የአንድ ወር ግዢና ሽያጭ አምጡልን። ስም አይጻፍበትም፤ የሱቁም ቦታ አይጠቀስም። የምንፈልገው ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ በወሩ መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ የነበረው ዕቃ ዋጋ፣ በወሩ የተሸጠው፣ በዱቤ ደብተሩ ላይ የቀረው። የኢንዱስትሪያል ምህንድስና ልጆች ስሌቱን ያዘጋጃሉ፣ ኢንሻአላህ። አንድ ወንድማችን የአባቱን ቀድሞ አምጥቶልናል። ስኳሩ በ9 ቀን ያልቃል፤ ሻምፑው ግን ከረመዷን በፊት የተገዛ ነው፣ አሁንም አለ።